የጃማይካ የእሁድ ምሳ፦ ከቅዳሜ ማታ ዝግጅት እስከ ገበታው

አብዛኞቻችን ጃማይካን የምናውቃት በሬጌ፣ በሩጫና በሻሸመኔ በኩል ነው፤ ገበታዋን ግን እምብዛም አናውቀውም። ይህ ይቆጨኛል። ከባሕር ማዶ ምግቦች መካከል የእኛ ወጥ ቤት ያለ ብዙ ችግር ሊያስተናግደው የሚችለው አንዱ የጃማይካ ምግብ ነው። የሚያቃጥል ነገር እንወዳለን፣ ከሰል ማያያዝ እናውቃለን፣ ጦስኙም ዝንጅብሉም ከርከዴውም ጎደሬውም ከገበያችን አይጠፋም። የሚጎድለን ሁለት ሦስት ነገር ነው፤ ለእሱም መላ አለው።

እዚህ የምንሠራው አንድ ሙሉ የእሁድ ምሳ ነው፦ ጀርክ ዶሮ (በቅመምና በቃሪያ ታሽቶ ፍም ላይ በጭስ የሚበስል)፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ በቦሎቄ፣ ለጾመኛ የሚሆን ኢታል የሚባለው የራስ ተፈሪያን የአትክልት ወጥ፣ የከርከዴ መጠጥ። መጠኑ ለስድስት ሰው ይበቃል። ሥራው የሚጀመረው ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሁድ ጠዋት ተነስተው በጥድፊያ የሚጨርሱት ምግብ አይደለም።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በርበሬና ኮረሪማ ከዚህ ምግብ ይራቁ። የጃማይካ ምግብ የብዙ ሕዝቦች እጅ አለበት፤ የደሴቲቱ ነባር ነዋሪዎች ታይኖዎች፣ ስፓኞች፣ እንግሊዞች፣ በባርነት ተግዘው የመጡ አፍሪካውያን፣ በኮንትራት የመጡ ሕንዶችና ቻይናውያን። አንዱ ያመጣው የሌላውን ሳያጠፋ በአንድ ድስት መግባቱ ነው ምግቡን የጃማይካ ያደረገው። በርበሬ ሲገባበት ያ ሁሉ ጣዕም ይዋጥና የለመድነውን ወጥ ደግመን እንሠራለን።

ከገበያ ምን ይገዛ

ከሁሉ አስቀድማችሁ ፒሜንቶ ፈልጉ። ከቁንዶ በርበሬ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ድብልብል ቡናማ ፍሬ ነው፤ ሲያሸቱት ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ገውዝ አንድ ላይ ይመጣሉ። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ ኦልስፓይስ ብላችሁ ብትጠይቁ ታገኙታላችሁ። ካጣችሁት 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና ሩብ ቁንዶ በርበሬ ደባልቁ። ይህ የ1 የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ፒሜንቶ ምትክ ይሆናል። ቅርንፉዱን ከዚህ አታብዙት፤ ከበዛ የምላስ መደንዘዝ እንጂ ጣዕም አይሰጥም።

ሁለተኛው ስኮች ቦኔት የሚባለው ቃሪያ ነው። ትንሽ፣ ጨምደድ ያለ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ሲሆን ከማቃጠሉ በፊት እንደ ፍራፍሬ የሚሸት ነገር አለው። ቅርብ ዘመዱ ሃባኔሮ ነው፤ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ተኩት። ሁለቱም ካልተገኙ ያልደረቀ የሚጥሚጣ ቃሪያ ውሰዱ። ማቃጠሉ አያንስም፤ የፍራፍሬውን መዓዛ ግን አይሰጥም፤ ለዚያ ግማሽ ማንጎ ፈጭታችሁ ከማጣፈጫው ጋር ብትቀላቅሉ በከፊል ይካካሳል። ስኮች ቦኔት ስትከትፉ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም አትንኩ።

ጦስኝ በጃማይካ ወጥ ቤት ከጨው ቀጥሎ የሚነሳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እነሱ የሚጠቀሙት ከነእንጨቱ የተቀጠፈውን እርጥብ ቅጠል ነው። የእኛ የደጋ ጦስኝ የራሱ ዝርያ ስለሆነ መዓዛው በርታ ይላል፤ ለሻይ የሚሸጠውን ደረቁን ከተጠቀማችሁ እዚህ ከተጻፈው መጠን ግማሹ ይበቃል።

ኮኮናቱን በቆርቆሮ የታሸገውን ወተት መግዛት ይቻላል፤ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን 2 ቆርቆሮ። ፍሬው ከተገኘ ግን እሱ ይሻላል። ሰብራችሁ ነጩን ሥጋ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት፣ 2 ኩባያ ሙቅ ውኃ አፍስሱበት፣ ጥቂት ቆይቶ በስስ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጨምቁት። ለአንዱ ድስት አንድ ፍሬ ይበቃል።

ዶሮው ላይ ልማዳችንን መተው ግድ ነው። ለዶሮ ወጥ የሀበሻ ዶሮ የሚመረጠው ረጅም ሰዓት በስሎ ስለማይፈርስ ነው። ለጀርክ ያ አይሆንም፤ ፍም ላይ ይደርቅና ይጠነክራል። እያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ተኩል የሚመዝኑ ሁለት የፈረንጅ ዶሮዎች ግዙ። ቆዳውን አትግፈፉት። በቆዳው ሥር ያለው ስብ ነው ቀስ እያለ ቀልጦ ሥጋውን የሚያርሰው፤ የሚጠቁረውና የሚንኮሻኮሸውም እሱ ነው። አሥራ ሁለት ብልት ማውጣትም አያስፈልግም፤ እያንዳንዱን ዶሮ አራት ቦታ ክፈሉት። በሎሚ ማጠቡ ላይ ግን እንስማማለን፤ የጃማይካ እናቶችም ዶሮን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ሳያጥቡ ድስት አያስገቡም።

ቅዳሜ ማታ

1. ቦሎቄውን ዘፍዝፉ። አንድ ኩባያ ተኩል፣ 300 ግራም ገደማ ቀይ ቦሎቄ ለቅማችሁ በብዙ ውኃ ንከሩ። አንድ ኩባያው ለሩዙ፣ የቀረው ለኢታሉ ነው።

2. የጀርኩን ማጣፈጫ አዘጋጁ። ስለ ጀርክ ሲነሳ ከባርነት አምልጠው ተራራ ስለገቡት ማሩኖች አለማውራት አይቻልም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1655 ጃማይካን ከስፓኞች ሲነጥቁ፣ ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያን ወደ ተራራው ወጥተው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ከእንግሊዞቹ የሸንኮራ እርሻ እያመለጡ የሚቀላቀሏቸው አልተቋረጡም። በምሥራቅ በብሉ ማውንቴንስ፣ በምዕራብ በኮክፒት ካንትሪ መሽገው ለአሥርት ዓመታት ተዋጉ። ዛሬ ከጃማይካ ብሔራዊ ጀግኖች አንዷ የሆነችው ናኒ የምሥራቆቹ መሪ ነበረች። እንግሊዞች ሊያሸንፏቸው ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ1739 ኩጆ ከተባለው የምዕራቦቹ መሪ ጋር ውል ለመፈራረም ተገደዱ።

እነዚህ ሰዎች ጫካ ውስጥ የዱር አሳማ ያድኑ ነበር። ሥጋውን በእርጥብ እንጨት ርብራብ ላይ ቀስ ብሎ በጭስ ማብሰልን ከታይኖዎች ወረሱ፤ በቃሪያና በፒሜንቶ አሹት። ጭስ ከታየ ጠላት ይመጣል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ፍሙን ከታች አድርገው፣ ከላይ በቅጠል ይሸፍኑት ነበር። ዛሬ ጀርክ ሲሠራ ክዳን የሚደረገውና እሳቱ የሚቀዘቅዘው የዚያ ቀሪ ነው። አሳማ ስለማንበላ ዶሮ መምረጣችን ምግቡን አያጎድለውም፤ በፖርትላንድ አውራጃ፣ የጀርክ መዲና በምትባለው ቦስተን ቤይ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 8 ዘለላ እርጥብ ሽንኩርት ከነቅጠሉ፣ 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 6 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ 2 ስኮች ቦኔት (ማቃጠሉን የምትፈሩ ፍሬውን አውጥታችሁ)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጦስኝ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ፒሜንቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ የ3 ሎሚ ጭማቂ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሶያ ሶሱ የቻይናውያኑ እጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1854 ጀምሮ ለእርሻ ሥራ የመጡት ቻይናውያን ኋላ ላይ በየመንደሩ ሱቅ ከፈቱ፣ የሚሸጡትም ዕቃ ቀስ በቀስ የሁሉም ቤት ሆነ።

ፒሜንቶውን በደረቅ መጥበሻ፣ ሽታው ቤቱን እስኪሞላ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል አመስ አድርጉትና በሙቀጫ ውቀጡት። ዱቄት እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ሸካራ ሆኖ ቢቀር ነው የሚሻለው፤ ሲበላ ጥርስ ሥር የሚገኘው ቅንጣት የጀርክ ምልክት ነው። ከዚያ ሁሉንም በመፍጫ አድቅቃችሁ ደባልቁ። ሾርባ አይሁን፤ ማንኪያ ላይ የሚቆም ወፍራም መሆን አለበት። ቅመሱት። ጨውና ማቃጠሉ ለብቻው ሲቀመስ ከመጠን ያለፈ መስሎ ከታያችሁ ልክ ነው፤ ሥጋው ያበርደዋል።

3. ዶሮውን እሹት። አድርቁት፣ ጭኑንና ፈረሰኛውን እስከ አጥንቱ ድረስ ሦስት አራት ቦታ ብጡት። ማጣፈጫውን ብጡ ውስጥ አስገቡ፣ በጣታችሁ ቆዳውን ከሥጋው አላቅቃችሁም ሥሩ ግፉት። ግማሽ ኩባያ ያህል ማጣፈጫ ዶሮው ሳይነካው አስቀሩ። ዶሮውን ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት።

4. ከርከዴውን ዝፈቁ። ጃማይካውያን ሶረል የሚሉት የገና መጠጥ ከእኛው ከርከዴ የሚሠራ ነው፤ ተክሉ ከምዕራብ አፍሪካ የተሻገረ ነው። 2 ኩባያ የደረቀ ከርከዴ፣ 100 ግራም የተወቀጠ ዝንጅብል፣ 8 ፍሬ ፒሜንቶና የብርቱካን ልጣጭ ማሰሮ ወይም የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ጨምሩ፣ 2 ሊትር የፈላ ውኃ አፍስሱበት፣ ከድናችሁ አሳድሩት። ኮምጣጣ ስለሆነ የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ። ጠዋት አጥልሉት፣ ስኳር በምትወዱት ልክ ጨምሩና አቀዝቅዙት። እነሱ ለአዋቂዎች ሩም ይጨምሩበታል፤ ያለ ሩም ምንም አይጎድለውም።

እሁድ ጠዋት፦ ሩዝ በቦሎቄ

ይህ ምግብ የሌለበት እሁድ ጃማይካ ውስጥ እሁድ አይባልም። ዶሮው ቢቀየር፣ ዓሣ ወይም የፍየል ሥጋ ቢሆን፣ ሩዝና ቦሎቄው ይኖራል። ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ጋናውያን ዋቼ የሚሉት ሩዝ ከአደንጓሬ ጋር የሚበስል ምግብ ዛሬም ድረስ አላቸው። በገና ሰሞን ጃማይካውያን ቀይ ቦሎቄውን ትተው የእርግብ አተር እሸት ያደርጉበታል።

የተነከረበትን ውኃ ድፉት። አዲስ ውኃ ጨምራችሁ ቦሎቄውን ከ3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና ከ8 ፍሬ ፒሜንቶ ጋር ጣዱት። ጨው ገና ነው። መጀመሪያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል ይንተክተክ። ይህን ዝለሉት የማልለው ለጤና ነው፤ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፣ የሚጠፋውም በደንብ ሲፈላ ብቻ ነው፤ በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ጥሬውን አትጣዱት። አዲስ አበባና ሌሎች ደጋ ከተሞች ያላችሁ ደግሞ አስታውሱ፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ ኪንግስተን ላይ በአንድ ሰዓት የሚበስለው ቦሎቄ እኛ ጋ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት ይገላገላል።

ቦሎቄው በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን፣ ቅርጹን ግን ሳይለቅ፣ አንድ ኩባያውን በጭልፋ አውጥታችሁ ለኢታሉ አስቀምጡ። መቀቀያውን ውኃ እንዳትደፉት! ሩዙን ደብዘዝ ያለ ቀይ የሚያደርገው እሱ ነው። 3 ኩባያ ተኩል ያህሉ ድስቱ ውስጥ ይቅር፤ ካነሰ ውኃ ሙሉበት።

አሁን 1 ቆርቆሮ የኮኮናት ወተት፣ 2 በቢላ ጀርባ የተመቱ እርጥብ ሽንኩርቶች፣ 5 ዘለላ ጦስኝ፣ ትንሽ ዝንጅብልና 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ስኮች ቦኔት፣ ከነግንዱ፣ ሳይበሳ፣ ላዩ ላይ አንሳፍፉት። መላው ጥበብ እዚህ ጋ ነው። ቃሪያው ሳይፈነዳ በእንፋሎቱ ብቻ መዓዛውን ይለቃል፤ ከተቀደደ ግን ድስቱ በሙሉ ያቃጥላል፣ ልጆችም አይበሉትም። ክፍቱን አሥር ደቂቃ ይፍላ። ላዩ ላይ የዘይት ጠብታዎች ብቅ ብቅ ሲሉና ሽታው ከቦሎቄ ወደ ኮኮናት ሲለወጥ ሩዙ ይገባል።

3 ኩባያ ረጅም ሩዝ ውኃው እስኪጠራ አጥባችሁ ጨምሩ፣ አንዴ ብቻ አማስሉ። ፈሳሹ ከሩዙ በላይ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ይቁም። ሲፈላ እሳቱን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ አውርዱ፣ ድስቱን በፎይል ወይም በንጹሕ ፎጣ አፍናችሁ ክደኑት። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አትክፈቱት፣ አታማስሉት። ከዚያ አውርዳችሁ አሥር ደቂቃ ይረፍ። ቃሪያውን በማንኪያ በጥንቃቄ አውጡት፣ የጦስኙን እንጨትና ሽንኩርቱን አስወግዱ፣ በሹካ አላቅቁት። ሩዙ ፍሬ በፍሬ ይለያያል እንጂ ገንፎ አይሆንም።

ቅቤ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ኮኮናቱ ይበቃዋል፣ ያለ ቅቤ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ ነው። ሁዳዴ ላይ ሽሮና ምስር የሰለቸው ቤተሰብ ይህን ድስት ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

ኢታል ወጥ

ራስ ተፈሪያን በብዙው የአመጋገብ ልማዳቸው ወደ እኛ ይቀርባሉ። ንቅናቄው የተነሳው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ተከትሎ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ የአውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ቀኑን ራስ ተፈሪያን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። በሻሸመኔ በተሰጣቸው መሬት ላይ የሰፈሩትም የምግብ ሥርዓታቸውን ይዘው ነው የመጡት።

ኢታል ሥጋ የለውም፣ ብዙዎቹ ጨውም አይጨምሩበትም፣ ከፋብሪካ የወጣ ነገር ይሸሻሉ፣ የሸክላ ድስት ይመርጣሉ። አጠባበቁ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ዓሣ የሚበላም አለ። ከእኛ ጾም ጋር አንድ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። የእኛ ጾም ወቅት አለው፣ ፍስክ ይከተለዋል። ለኢታል ተከታይ የዘወትር አኗኗር ነው።

በሸክላ ድስት 1 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት አሙቃችሁ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት እርጥብ ሽንኩርት አለስልሱ። መቅላት የለበትም። ግማሽ ኪሎ ዱባ ጨምሩ፤ ግማሹን በትናንሹ ቁረጡት፣ ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ቀጥሎ ግማሽ ኪሎ ጎደሬ ወይም ቦዬ፣ 2 ካሮት፣ ያስቀመጣችሁት ቦሎቄ፣ ሁለተኛው ቆርቆሮ የኮኮናት ወተት፣ 2 ኩባያ ውኃ፣ 5 ዘለላ ጦስኝ፣ 6 ፍሬ ፒሜንቶ፣ ሌላ ያልተበሳ ስኮች ቦኔት። ጎደሬ ጥሬው እጅና ጉሮሮ ያሳክካል፤ የደቡብ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ስትልጡ እጃችሁን ዘይት ቀቡ፣ ቢላ ገብቶ ያለ ችግር እስኪወጣ ድረስም አብስሉት።

ወጡ እየበሰለ አንድ ኩባያ ዱቄት በውኃ ብቻ ጠጠር አድርጋችሁ አቡኩ። በሁለት መዳፋችሁ መካከል እያሻችሁ የጣት ርዝመት ያላቸው ቀጫጭን ጥቅሎች አድርጉትና ወጡ ውስጥ ጣሉት። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አሥር ፍሬ ባሚያ ይጨመር። በአጠቃላይ 45 ደቂቃ ይፈጃል።

ጨው ሳትጨምሩ መጀመሪያ ቅመሱት። የመጀመሪያው ጉርሻ ባዶ ይመስላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ግን የዱባው ጣፋጭነት፣ የጦስኙ ምሬትና የኮኮናቱ ቅባት አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ጨው ቢኖር ይህ አይታወቅም ነበር። ለእንግዳ ካቀረባችሁ ጨዉን ገበታው ላይ አስቀምጡ፣ የፈለገ ይጨምር።

ዶሮው ፍም ላይ

ከምሳ ሁለት ሰዓት በፊት ዶሮውን ከፍሪጅ አውጡ። ጃማይካ ውስጥ ጀርክ የሚጠበሰው ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ነው። እኛ ሰፊ የከሰል ማንደጃና የብረት ፍርግርግ ይበቃናል፤ ለክዳን የብረት አክንባሎ ወይም የተገለበጠ ሰፊ ድስት ይሆናል። ቤት ውስጥ እንዳታያይዙት፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ይገድላል።

ነበልባሉ ጠፍቶ ከሰሉ አመድ ሲለብስ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት። እዚያው ጃማይካ የሚጠቀሙት የፒሜንቶ እንጨት ነው። እሱ ስለሌለን 2 የሾርባ ማንኪያ ፒሜንቶ ፍሬ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ አቆይታችሁ ፍሙ ላይ በትኑ፣ የወይራ ስባሪም ጨምሩበት። የወይራ ጭስ የፒሜንቶን አይሆንም፤ ለእርጎ ዕቃ ስናጥንበት የምናውቀው መልካም ሽታ ግን ከዚህ ዶሮ ጋር ይስማማል። ባሕር ዛፍ በፍጹም አይግባ፤ የመድኃኒት ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል።

ዶሮውን ፍም በሌለበት በኩል፣ ቆዳውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደርድሩና ክደኑት። በየአሥር ደቂቃው ቦታ አቀያይሩ፣ ፍም ጨምሩ። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ በኋላ ቆዳው ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ስቡ መንጠባጠብ ሲጀምር ወደ ፍሙ አምጡት፣ ቆዳውን ወደ ታች። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ስኳሩ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይጠቁራል፤ ቦታ ቦታው ላይ መጥቆሩ የሚፈለግ ነው፣ ከሰል መሆኑ አይደለም። ጭኑን አጥንቱ ድረስ ወጉት፤ የሚወጣው ፈሳሽ የጠራ ከሆነ በስሏል። ቴርሞሜትር ያለው 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠብቅ።

አፓርታማ የምትኖሩ ኦቭኑን 200 ዲግሪ ላይ አሙቁ፣ ዶሮውን ፍርግርግ ላይ አድርጋችሁ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ አብስሉ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ከላይ በሚመጣው እሳት አጥቁሩት። ጭሱ ይቀራል፤ ማጣፈጫው ግን ሥራውን ይሠራል።

ዶሮው አሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ በከባድ ቢላ ከነአጥንቱ ከትፉት። ያስቀራችሁትን ግማሽ ኩባያ ማጣፈጫ በጥቂት ውኃና ሎሚ አቅጥናችሁ አንተክትኩትና በጎን አቅርቡ። የበሰለ ፕላንቴን (ተጠብሶ የሚበላ የሙዝ ዓይነት) ከተገኘ፣ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ በአግድም ቆርጣችሁ በጥቂት ዘይት ጥበሱ፤ ከሚያቃጥለው ጋር ጣፋጩ ይጣጣማል። ቆስጣ ወይም አሉማ ያለው ደግሞ በሽንኩርትና ጦስኝ አብስሎ ቢጨምር ጃማይካውያን ካላሉ ወደሚሉት የጎመን ምግብ ይቀርባል። እንጀራ አታቅርቡበት፤ ሩዙ የእንጀራውን ቦታ ይዟል።

ለሌላ ቀን የሚሆኑ

የጃማይካ ብሔራዊ ምግብ አኪ በጨው ዓሣ ነው። አኪ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ የተሻገረ ፍሬ ሲሆን፣ ዓሣው ከሰሜን አትላንቲክ እየደረቀና ጨው እየተነሰነሰበት ለባሪያዎች ርካሽ ቀለብ ይመጣ የነበረ ኮድ ነው። አኪ ዛፉ ላይ በራሱ ሳይከፈት ከተበላ ሃይፖግላይሲን የተባለ መርዝ ስላለው ሊገድል ይችላል። አሜሪካ ለረጅም ዓመታት እንዳይገባ ከልክላው የነበረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከታወቀ ሱቅ የታሸገውን ብቻ ግዙ። ዓሣውን ሌሊቱን ነክራችሁ ውኃውን እየቀየራችሁ ቀቅሉና ፈልፍሉት፤ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በጦስኝ ጠብሳችሁ አኪውን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። እንደ እንቁላል ይፈረካከሳልና አታማስሉት።

የፍየል ሥጋ ለሚወድ ደግሞ ከሪ ጎት አለ። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1838 ጨርሶ ሲያበቃ የሸንኮራ ባለ እርሻዎች ጉልበት ፍለጋ ወደ ሕንድ ዞሩ፤ ከ1845 ጀምሮ እስከ 1917 ድረስ በኮንትራት መጡ፣ እርዱንና ከሙኑን ይዘው። ከሪውን ከእርድ፣ ከድንብላል፣ ከአብሽና ከከሙን ራሳችሁ አዘጋጁ፣ ጃማይካውያን እንደሚያደርጉት ፒሜንቶም ፍጩበት። አሠራሩ ከወጣችን የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከሪው ከሽንኩርቱ በፊት፣ በጋለ ዘይት፣ ቀለሙ ጠቆር እስኪል ለአንድ ደቂቃ ይቁላላል። ከዚያ ሌሊቱን ታሽቶ ያደረው ሥጋ ገብቶ ሁለት ሰዓት ተኩል በዝግታ ይበስላል፤ ድንቹ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ይገባል።

ከምሳው በኋላ ቡና ማፍላቱን እናንተው ታውቁበታላችሁ። የብሉ ማውንቴን ቡና ዛሬ በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ተክሉ እ.ኤ.አ. በ1728 በቀድሞው አገረ ገዥ ኒኮላስ ሎውስ በኩል ከማርቲኒክ ወደ ጃማይካ የገባ አረቢካ ነው፣ ሥሩ የእኛ ጫካ ውስጥ ነው።

የጀርክ ማጣፈጫ ከተረፋችሁና ጥሬ ሥጋ ያልነካው ከሆነ፣ በንጹሕ ጠርሙስ አድርጋችሁ ላዩን በዘይት ሸፍኑት፤ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ብዙ ከሆነ በበረዶ ቅርጽ ማውጫ አቀዝቅዙትና አንድ አንድ ፍሬ እያወጣችሁ ለዓሣ ወይም ለጥብስ ተጠቀሙበት። ጥሬ ዶሮ የተነከረበትን ግን ድፉት። የተረፈው ሩዝ ቶሎ ፍሪጅ ይግባ፤ ሰኞ ጠዋት በትንሽ ዘይት ሲሞቅ ከእሁዱ ይልቅ ይጣፍጣል።